የፎቶ ቀን በፒጃማ፦ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ዜናና ፕሮግራም እንዴት እንከታተል?

አዲስ አበባ እናቴ ሳሎን ውስጥ የልጄ የአንደኛ ክፍል ፎቶ ተሰቅሏል። ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ አለ። ፀጉሩ በደንብ ተበጥሯል። የለበሰው ግን ዳይኖሰር የተሳለበት ፒጃማ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ምነው፣ ልጁ ታሞ ተኝቶ ነበር እንዴ?» እየተባለች እናቴ ትጠየቃለች።

አልታመመም። ሐሙስ የፎቶ ቀን ነበር፣ አርብ ደግሞ የፒጃማ ቀን። ሁለቱንም የሚያስታውቀውን ወረቀት ከቦርሳው ሥር፣ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ስለነበር በግማሽ ዓይን አነበብኩት፣ ቀኖቹንም አገላበጥኳቸው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔው ነው።

ያኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። እኛ ስንማር ትምህርት ቤት ወላጅን የሚፈልገው በአንድ ምክንያት ነው፦ «ወላጅ አምጣ!» ሲባል። ከዚያ ውጪ ዝም ከተባለ ሰላም ነው። እዚህ ግን ኤለመንተሪ (አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ወሬ አያልቅበትም። ኢሜይል ይመጣል፣ ቴክስት ይመጣል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ቦርሳው ወረቀት ተሞልቶ ይመጣል። አብዛኛው ለማወቅ ያህል ነው። ጥቂቱ ግን ከእናንተ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ እሱም ቀን አለው። ሥራው ያንን ጥቂቱን ከብዙው መልቀም ነው፤ ልክ ምስር እንደመልቀም።

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ላለን ወላጆች ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

1. መጀመሪያ ቢሮ ሂዱና ስልክ፣ ኢሜይልና ቋንቋችሁን አስተካክሉ

ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። መታወቂያ ያዙ፣ ያለ መታወቂያ ከበሩ አያሳልፏችሁም።

ብዙዎቻችን ልጁን ስናስመዘግብ የሰጠነው ኢሜይል በየቀኑ የምናየው ኢሜይል አይደለም። አንዳንዱ የወንድማችን ነው። አንዳንዱ ፎርሙን የሞላልን የቤተ ክርስቲያን ሰው ኢሜይል ነው። ስልክ ቁጥሩም ከሁለት ዓመት በፊት የቀየርነው ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ ግን ወደዚያው መላኩን ቀጥሏል። ስለዚህ ቢሮ ያለችውን ሴትዮ «ያላችሁን አድራሻ አሳዩኝ» በሏት። አባትም እናትም ሁለቱም ቁጥር ይመዝገብ፤ አንዱ ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ባይችል ሌላው አለ።

እግረ መንገዳችሁን ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስም ጨምሩ። ስሙ የሌለ ሰው፣ የሥጋ አጎት ቢሆንም፣ መታወቂያ ቢያሳይም ልጁን አይሰጡትም። ይህ ሲመሽባችሁና ትራፊክ ውስጥ ስትቆሙ ነው የሚገባችሁ።

ቀጥሎ ቋንቋ። ፎርም ላይ «ቤት ውስጥ የምትነጋገሩበት ቋንቋ» ሲባል አማርኛ ብሎ ለመጻፍ የሚፈሩ ወላጆች አውቃለሁ። ልጄን ወደ እንግሊዝኛ ጀማሪዎች ክፍል ይወስዱብኛል ብለው ነው። እንዲያው በፎርሙ ብቻ አይወስዱትም። መልሱ የሚያመጣው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፤ ልጁ የሚችል ከሆነ ፈተናውን ያልፋል፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነም ቢያገኝ ምን ይጎዳል? «ወላጅ በምን ቋንቋ መልእክት ይድረሰው?» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ሳትፈሩ አማርኛ በሉ።

ውለታ እየጠየቃችሁ እንዳይመስላችሁ። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጽሑፎቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችንም ይመለከታል። ከዚያ በላይ ደግሞ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አለ። አስተርጓሚ በነጻ ነው። ቢሮ ገብታችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ እዚያው በስልክ ያገናኟችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት የትኛውን አፕ እንደሚጠቀሙ ጠይቁ። ፓረንትስኩዌር አለ፣ ክላስዶጆ አለ፣ ሪማይንድ አለ፣ ቶኪንግፖይንትስ አለ። የሚያናድደው አንዳንዴ ቢሮው አንዱን፣ መምህሯ ሌላውን መጠቀሟ ነው። ሁለቱንም ጫኑ፣ ኖቲፊኬሽን ክፈቱ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ አማርኛ ካለ ምረጡ። ውጤትና ቀሪ ለማየት ደግሞ ብዙ ቦታ ፓረንትቪው የሚባለው አለ። የመግቢያ ኮዱን እዚያው ቢሮ ተቀበሉ።

2. ፎልደሩን በመጣበት ማታ ክፈቱ

በሳምንት አንድ ቀን ልጁ ፎልደር ይዞ ይመጣል። የኛ ማክሰኞ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ኪስ አለው። በግራ ያለው ቤት ይቀራል፣ በቀኝ ያለው ይመለሳል። ፎልደሩ ላይ «ሌፍት አት ሆም» እና «ራይት ባክ» ተብሎ ይጻፋል። «ሌፍት» ግራም ነው፣ የቀረም ነው፤ «ራይት» ቀኝም ነው፣ ቶሎም ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው ጎበዝ ነው።

እኛ ቤት ጫማ ይወልቃል፣ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ከዚያ ነው መክሰስ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሴቷ ልጄም አትነግረኝ፣ እኔም አልጠይቅ።

እስክሪብቶ ያዙና እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አክብቡ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከእናንተ የሚፈለገውን። የሚፈለገው ነገር ከስድስት አያልፍም፦ ፊርማ፣ ገንዘብ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ እናንተው በአካል፣ ወይም ምንም። «ምንም» ከሆነ አንብባችሁ ጣሉት። ቀሪው እዚያው ማታውኑ ስልክ ካላንደር ላይ ይገባል። ሁለት አላርም አድርጉለት፤ አንዱ በዋዜማው ማታ፣ አንዱ በዕለቱ ጠዋት። የዋዜማው ይበልጣል። አረንጓዴ ቲሸርት እንደሌለን ጠዋት ብናውቅ ምን ይጠቅመናል?

ፊርማ ለነገ አይደር። በተለይ የፊልድ ትሪፕ (ከግቢ ወጥቶ የሚደረግ ጉብኝት) ወረቀት። ያልተፈረመለት ልጅ ጓደኞቹ አውቶቡስ ሲሳፈሩ እሱ ሌላ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ክፍያው ከከበዳችሁ ደግሞ ወረቀቱን አትደብቁት። ለመምህሯ ወይም ለካውንስለሯ (ለትምህርት ቤቱ አማካሪ) በጽሑፍ ንገሩ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ለዚህ መላ አለው፣ ልጁም ሳያውቅ ያልፋል።

3. ሰዓትና ቀን ላይ ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት አንዲት ጎረቤቴ ወረቀቱ ላይ 6:30 የሚል አየች። በኛ ስድስት ሰዓት ተኩል ቀትር ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በቀትር ደረሰች። ፕሮግራሙ ማታ ነበር፣ በኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል።

ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ የስልኩ ትርጉም ነው። እንግሊዝኛው «6:30 ፒኤም» ሲል ትርጉሙ «ከምሽቱ 6:30» ብሎ ቁጭ ሊያደርገው ይችላል። ይህ በኛ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ያለፈ ነው! ስለዚህ ቃሉን በአማርኛ አንብቡ፣ ሰዓቱን ግን ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛው ወረቀት ውሰዱ።

ቀንም እንዲሁ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 3/5 ማለት ማርች 5 ነው እንጂ ሜይ 3 አይደለም። ቁጥሩ ካደናገራችሁ የሳምንቱን ቀን ፈልጉ። «ሐሙስ» ላይ የሚሳሳት የለም። ከኔ በቀር።

4. የስልክ ትርጉም ይረዳል፣ ግን አትመኑት

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ካሜራውን ወረቀቱ ላይ ስትደግኑ ጠቅላላ ሐሳቡን ያስይዛችኋል። የትምህርት ቤት ቋንቋ ላይ ግን ይደናቀፋል። አንዲት ጓደኛዬ አንድ ማታ ደውላ «የመንፈስ ሳምንት ይላል፣ ምን ዓይነት መንፈስ ነው?» አለችኝ። ደንግጣለች። ስፒሪት ዊክ ነበር። በዚያ ሳምንት ልጆቹ በየቀኑ የተለየ ነገር ይለብሳሉ፤ ሰኞ የተዘበራረቀ ካልሲ፣ ማክሰኞ የሚወዱትን ቡድን ማሊያ፣ ከዚያ ፒጃማ። ጸሎት የለበትም።

«ኧርሊ ሪሊስ» ማለት ትምህርት ቀደም ብሎ የሚያልቅበት ቀን ነው። «ፊልድ ዴይ» ግቢ ውስጥ የሚደረግ የስፖርት ቀን ነው። «ፊልድ ትሪፕ» ደግሞ ከግቢ ወጥቶ ጉብኝት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ምሳ መቋጠር ያለባችሁ ለየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

5. ዓመቱን በአንድ ትንፋሽ

ኦገስት መጨረሻ ላይ ትምህርት ይጀመራል። የደብተርና የእርሳስ ዝርዝር ቀድሞ ይመጣል። የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ፎርም በየዓመቱ አዲስ ይሞላል፤ አምና ሞልቻለሁ ብላችሁ አትተዉት። ለሁሉም ተማሪ ነጻ ምሳ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ካልሆነ በስተቀር የአምናው ለዘንድሮ ሙሉ ዓመት አይሠራም።

ሴፕቴምበር ላይ ባክ ቱ ስኩል ናይት አለ። የወላጆች ነው። መምህሯ ዓመቱን እንዴት እንደምትመራ ትናገራለች። ስለ ልጃችሁ ለብቻ የምትጠይቁበት ቦታ አይደለም፣ ከኋላችሁ ሃያ ወላጅ አለ።

ከዚያ የፎቶ ቀን። ፎቶውን መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ልጁ ግን ይነሳል። ዓይኑን ከጨፈነ፣ ከቀረ ወይም በፒጃማ ከሄደ «ሪቴክ» የሚባል ሁለተኛ ቀን አለ። እኔ ይህን ያወቅሁት ፎቶው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው።

ኦክቶበር መጨረሻ ሃሎዊን ነው፤ ልጆች የጭራቅና የሌላም ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሰው የሚያከብሩት። የማይፈልግ ቤተሰብ ለመምህሯ ሳምንት ቀድሞ ቢነግራት ለልጁ ሌላ ነገር ታዘጋጅለታለች። በዕለቱ ጠዋት መንገር ልጁን ነው የሚያሳቅቀው።

ኖቬምበር ላይ፣ ከታንክስጊቪንግ (ከምስጋና በዓል) በፊት ባለው ሳምንት፣ አሜሪካን ኤጁኬሽን ዊክ አለ። ከ1921 ጀምሮ የሚከበር ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በዚያ ሳምንት ወላጅ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን እንዲያይ ይጋብዛል። ግማሽ ሰዓት ከኋላ መቀመጥ ከአሥር ኢሜይል ይበልጣል። ሴቷ ልጄ እጇን እንደማታወጣ ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ፌብሩዋሪ አካባቢ መቶኛው የትምህርት ቀን ይመጣል። ትንንሾቹ መቶ ፍሬ የሆነ ነገር ይዘው ይሄዳሉ። እኛ መቶ ሽምብራ ቆጥረን ካርቶን ላይ በኮላ ለጠፍን። ሰባ ላይ ስንደርስ አባትየው ቆጠራውን አጠፋውና እንደገና ጀመርን። በዚያው ወር ቫለንታይን አለ። ካርድ የሚሰጥ ልጅ ለክፍሉ በሙሉ ይስጥ፣ ለሦስት ጓደኛ ብቻ መስጠት አይወደድም። የስም ዝርዝሩን ከመምህሯ ጠይቁ።

ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በጸደይ የስቴት ፈተና አለ፤ ሜሪላንድ ኤምካፕ፣ ቨርጂኒያ ኤስኦኤል ይሉታል። በፈተናው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አትያዙ። ቡክ ፌር (ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረግ የመጻሕፍት ሽያጭ) ሲኖር ደግሞ ልጁ ባዶ ኪሱን ከሄደ አልቅሶ ነው የሚመጣው። ብር ባይኖርም ቀድማችሁ ንገሩት።

ታናሽ ካለ የኪንደርጋርተን ምዝገባ ዜናውን በጸደይ ተከታተሉ። ሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ቨርጂኒያና ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሞላውን ነው የሚቀበሉት። የልደት ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከዚያ በፊት አስተርጉሙት።

ሜይ ላይ የመምህራን ምስጋና ሳምንት ነው። እኛ በየዓመቱ የተቆላ ቡና በትንሽ ከረጢት እንሰጣለን። መምህራኑ ከማንኛውም የስጦታ ኩባያ ይልቅ ይወዱታል።

6. የመምህርና የወላጅ ቀጠሮ

ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ላይ ነው። አጭር ናት፤ አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ። በአስተርጓሚ ስትሆን ደግሞ ግማሹን ትርጉም ይበላዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጻፉ፦ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ከተቻለ ረዘም ያለ ሰዓት ይሰጠኝ።» ዕለቱን ጠብቃችሁ አትጠይቁ።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ታላቅ እህቱንም። እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ። መምህሯ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናገረች፣ ወንዱ ልጄ ዞር ብሎ «ጎበዝ ነህ ትላለች» አለኝ።

የአሜሪካ መምህር ስትናገር ከምስጋና ነው የምትጀምረው። «በጣም ደስ የሚል ልጅ ነው» ትላለች፣ እኛም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን ልንነሳ እንቃጣለን። ቆዩ። ዋናው ነገር «ባት» (ግን) ካለች በኋላ ያለው ነው። እኛ አገር መምህር መጥፎውን ፊት ለፊት ይነግርሃል። እዚህ ለስለስ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ «ትንሽ ልምምድ ቢጨምር ጥሩ ነው» ማለት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

እኔ ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ እገባለሁ። ንባቡ ለክፍሉ በሚጠበቀው ደረጃ ላይ ነው ወይስ በታች? ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ከማን ጋር ይጫወታል? ቤት ውስጥ በሳምንት ምን ብናደርግ ይረዳዋል? የመጀመሪያዋን ስጠይቅ «በደረጃው ላይ ነው?» ብዬ ቁርጥ ያለ መልስ እጠብቃለሁ። «እየተሻሻለ ነው» መልስ አይደለም። መምህርን መጠየቅ ድፍረት የሚመስለን አለን። እዚህ የማይጠይቅ ወላጅ ግድ የሌለው ይመስላል።

7. በረዶና ግማሽ ቀን

በዚህ አካባቢ ለትንሽ በረዶም ትምህርት ይዘጋል ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። ዜናው ማለዳ ነው የሚመጣው። የካውንቲያችሁን የቴክስት ማስጠንቀቂያ ተመዝገቡ፤ የትምህርት ቤቱ አፕ ብቻውን አይበቃም። «ቱ አወር ዲሌይ» ሲባል አውቶቡሱም ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ልጁን በድሮው ሰዓት ፌርማታ አታቁሙት።

ግማሽ ቀኖች ግን ዓመቱ ሲጀመር ካላንደሩ ላይ አሉ። ኦገስት ላይ አንድ ማታ ተቀምጣችሁ ሁሉንም ስልክ ላይ አስገቡና ከሥራ ሺፍታችሁ ጋር አስተያዩት። ማን እንደሚቀበል አሁን ይወሰን።

8. የኛም በዓል ዜና ነው

ትምህርት ቤቱ ይነግረናል፣ እኛም እንንገረው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 12 ላይ ይውላል፤ በ2023 እንዲያ ነበር፣ በ2027ም እንዲሁ ይሆናል። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ትምህርት አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይማኖት በዓል መቅረት ሕጋዊ ቀሪ ነው። ግን በጽሑፍ ቀድማችሁ አሳውቁ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ቀኑ፣ «የሃይማኖት በዓል»። ለኢድም በዕለቱ ትምህርት ቤቱ ካልተዘጋ ያው ነው። ልጁ የሚጾም ከሆነም ለምሳ ቤቱ ንገሩ።

ኢንተርናሽናል ናይት (ቤተሰቦች የየአገራቸውን ምግብና ባህል የሚያሳዩበት ምሽት) ሲመጣ የኢትዮጵያ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ወረፋ አለው። ዶሮ ወጥ ለመሥራት ከመነሳታችሁ በፊት ግን የቤት ምግብ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። በአለርጂ ምክንያት ከሱቅ የተገዛ፣ ቅመሙ የተጻፈበት ብቻ የሚሉ አሉ። ቡና የምታፈሉ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያዙ። ከሰልና ዕጣን እርሱት። የጭሱ አላርም ከጮኸ ሕንጻው በሙሉ ይወጣል፣ እሳት አደጋም ይመጣል፣ ቡናውም ሳይጠጣ ይቀራል።

9. ግሩፕ ይኑራችሁ፣ ግን ሕግ ይኑረው

የወላጆች ማኅበሩ፣ ፒቲኤ የሚባለው፣ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በ1897 የተጀመረ ነው። አባል መሆን በፈቃደኝነት ነው። ስብሰባው ላይ መቀመጥ ካልቻላችሁ ኢሜይል ዝርዝሩ ላይ ብቻ ግቡ፤ ብዙ ዝግጅት ከዚያ ነው ቀድሞ የሚሰማው።

ከዚያ በተጨማሪ የአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ላይ ብትሰባሰቡ ጥሩ ነው። የኛ ግሩፕ አንድ ሕግ አለው፦ የወረቀቱ ፎቶ ከሌለ ወሬ አይለጠፍም። «ሰማሁ»፣ «መሰለኝ» የለም። የዮርዳኖስ ጠበልና የመልካም ምኞት ምስል ለሌላ ግሩፕ ነው።

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ አንዱ አባት «አርብ ልጆቹ የሚለብሱት ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ሦስት ሰው ወዲያው መለሰለት። አንዷ ፒጃማ፣ አንዷ ነጭ ሸሚዝ፣ አንዱ ማሊያ አሉ። ተነስቼ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። አረንጓዴ ቲሸርት ነው። የሚለብሱትም ሐሙስ።